የአሮጌ መኪናን የፊት ሞላ ግቢ ውስጥ ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደጀንም ሁኑ ቡሬ፣ ሞጣም ሁኑ ዳንግላ፣ አሮጌ መኪና ከያዛችሁ የፊት ሞላ ጉዳይ አንድ ቀን በራችሁን ያንኳኳል። ክረምት የቦረቦረው መንገድ፣ የከተማው ኮብልስቶን፣ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባው ጠጠር፣ ሁሉም ዱላውን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። መኪናውን በራሱ እጅ መሥራት የሚወድ ሰው ደግሞ አካባቢያችን ላይ ብዙ ነው። ደስ ይላል። ግን ሞላ ከሌላው ዕቃ ይለያል። የዘይት ፊልትሮ ስትፈቱ ብትሳሳቱ ልብሳችሁ ይቆሽሻል። ሞላ ስትፈቱ ብትሳሳቱ ጣት ይሄዳል፣ ዓይን ይሄዳል፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

አብዛኛውን፣ አዎ። ሥራው ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

አንደኛው ሞላውን ከአሞርዛተሩ (የመኪናውን ዝላይ ከሚያበርደው ቱቦ) ጋር እንደታሰረ ከመኪናው ማውጣት ነው። ክሪክ፣ ካቫሌቶ (የተነሣውን መኪና የሚሸከም የብረት እግር) እና ደህና መፍቻ ያለው፣ የማይቸኩል ሰው ይወጣዋል። ሁለተኛው ሞላውን ከእስሩ መፍታት ነው። ይህ ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ አይነካም።

መጭመቂያ ከሌላችሁ መላ አለው። የመጀመሪያውን ሥራ ራሳችሁ ሥሩ። ከዚያ አሞርዛተሩን ከነሞላው ባጃጅ ላይ ጫኑና መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ውሰዱት። አዲሱን ሞላ አስቀይራችሁ መልሳችሁ ራሳችሁ ትገጥማላችሁ። ለጋራዡ የምትከፍሉት ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። እኔ ለሁሉም ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። መጭመቂያውን የመግዛት አቅም ላለውም ቢሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሲሠራው ቆሞ ማየት ይሻላል።

መኪናው ተነሥቶ ጎማው ከተንጠለጠለ ሞላው ይላላ የለ?

አይላላም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሞላ ሲገጠም ተጨምቆ ነው የሚገባው። ጎማው ተንጠለጠለ ማለት የመኪናው ክብደት ተነሣለት ማለት እንጂ ሞላው አረፈ ማለት አይደለም። አሞርዛተሩ ወይም ብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ) እንዳይዘረጋ ይዞታል። ያንን የያዘውን ነገር የፈታችሁ ቀን የቀረው ጉልበት በሙሉ ይወጣል።

ጉልበቱን በቁጥር ላስረዳ። የአንዲት ትንሽ መኪና አንድ የፊት ሞላ 300 ኪሎ ያህል ተሸክሞ 15 ሴንቲ ሜትር ቢጨመቅ፣ የያዘው ጉልበት ወደ 225 ጁል ይጠጋል። ሩብ ኩንታል ጤፍ ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚኖረው ጉልበት ይህን ያህል ነው። ጎማው ሲንጠለጠል የሚቀረው ከዚህ ያንሳል። በመጭመቂያ ስትጨምቁት ግን መልሳችሁ ትጨምሩበታላችሁ። ጆንያው ሲወድቅ ደግሞ ዘወር ማለት ይቻላል። ሞላ በዓይን ጥቅሻ ነው የሚወጣው፣ የሚመታውም በአንዲት የብረት ጠርዝ ነው።

የኔ መኪና ሞላ የትኛው ዓይነት ነው?

ኮፈኑን ክፈቱ። ግራና ቀኝ፣ ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው የአካል ላሜራ) አጠገብ፣ ጉልላት የመሰለ ላሜራ አለ። እሱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች ክብ ሠርተው፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ካያችሁ፣ ሞላው አሞርዛተሩን ከቦ የተቀመጠበት ዓይነት ነው። ስትራት ይባላል። ኮሮላ፣ ስታርሌት፣ ቪትዝ፣ ፔጆ 504 ሁሉም እንዲህ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ እነሱ ነው።

ላዳና ፊያት 124 ሌላ ናቸው። (ላዳ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሠራ መነሻዋ ፊያት 124 ስለሆነ ከሥር ይመሳሰላሉ።) የእነሱ ሞላ በታችኛው ብራቾና በመኪናው አካል መካከል ተጨምቆ የቆመ ነው። መርሴዲስ 123ም ከዚሁ ወገን ነው።

ዶልፊን ሃይየስና አንዳንድ የቆዩ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ሃይሉክሶች ፊት ላይ ጥቅል ሞላ የላቸውም። በምትኩ ከመኪናው ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ፣ የሚጠመዘዝ ረጅም የብረት ዘንግ አላቸው። ወደ መጨረሻው አካባቢ አነሣዋለሁ። የላንድክሩዘርና የአይሱዙ ባሌስትራ (ተደራራቢው የላሜራ ሞላ) ሌላ ሥራ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

የተበላሸው ሞላው መሆኑን በምን አውቃለሁ? አሞርዛተሩ ቢሆንስ?

መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ። ግራና ቀኙን አነጻጽሩ። አንዱ ጎን በግልጽ ዝቅ ካለ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቁመቱ እኩል ሆኖ፣ ፊቱን በእጃችሁ ተጭናችሁ ስትለቁት ደጋግሞ የሚዘል ከሆነ ግን አሞርዛተሩ ነው።

ከዚያ በባትሪ መብራት ሞላውን እዩ። በተለይ የመጨረሻውን የታችኛውን ዙር። ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። የክረምቱ ጭቃ ከመቀመጫው ሳህን ላይ ገብቶ ይደርቃል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ዝገቱ ብረቱን ይበላል። ጭቃውን በካቻቪቴ ጫፍ ፈልፍላችሁ ካላጸዳችሁ ስብራቱ አይታይም። ሁለቱ ጫፎች ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ደህና ሞላ ይመስላል። መሪ ስትጠመዝዙ ከፊት «ጓ» የሚል ድምፅ ካለ ይህን ቦታ ጠርጥሩ። የተሰበረ ሞላ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ጫፉ ጎማ ሊቀድ ይችላል።

የት ላንሣው? ግቢዬ አፈር ነው።

አፈር ላይ ከሆነ ክረምት ላይ አትሞክሩት። ዝናብ የጠገበ መሬት፣ በተለይ መረሬው፣ ክሪኩን ቀስ እያለ ይውጠዋል። ሲሰምጥ አታዩትም፤ መኪናው ሲያዘነብል ነው የምታውቁት። በጋ ላይም ቢሆን ከክሪኩና ከካቫሌቶው ሥር ወፍራም ሰፊ ጣውላ አንጥፉ። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቦታ ያለው ጎረቤት ካለ መለመን ነውር የለውም። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የካቫሌቶው አራቱም እግር እኩል መርገጡን እዩ፤ አንዱ እግር ስንጥቅ ላይ ካረፈ ቦታ ቀይሩ።

አንድ ነገር ግን ሳላለዝብ ልናገር። ድንጋይ፣ ብሎኬት ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድራችሁ መኪና አታቁሙ። አገር ምድሩ እንዲህ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ድቡልቡል ግንድ ይንከባለላል። ድንጋይ ላይ ድንጋይ ይንሸራተታል። እናንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ብሎን ለመፍታት ከታች ጎማው አጠገብ ናችሁ፣ ትልቅ ጉልበትም እየሰጣችሁ ነው። ሁለት ካቫሌቶ የግድ ነው። መግዛት ካልቻላችሁ ተከራዩ፣ ተዋሱ። እሱም ካልተገኘ ሥራው ይቆይ።

አነሣሡ እንዲህ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። የፊት ጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ ሳለ ግማሽ ዙር አላሉ። አንሡት። ካቫሌቶዎቹን ጠንካራው አካል ላይ አድርጉ፤ ብራቾው ላይ አይሁን፣ ምክንያቱም ብራቾው ነፃ መሆን አለበት። ክሪኩን ዝቅ አድርጋችሁ ክብደቱን ለካቫሌቶ ስጡ። ከዚያ መኪናውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ሊወድቅ ከሆነ አሁኑኑ ይውደቅ፣ እናንተ ውጭ እያላችሁ። የፈታችሁትን ጎማ ደግሞ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኙት። ሁሉም ነገር ቢከዳ እሱ ቦታ ያስቀርላችኋል።

ምን ልልበስ? ማን ይኑር?

የተዘጋ ጠንካራ ጫማ። በሸበጥ አይሆንም። መነጽር፣ የፀሐይም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ የብየዳ ቤት ግልጹ መከላከያ ግን ትክክለኛው ነው። ጠዋት ስለሚበርድ ጋቢ ደርቦ የሚጀምር አለ። ጋቢው ይውለቅ፤ መጭመቂያ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ አይፈለግም።

ብቻችሁን አትሥሩ። አንድ አዋቂ ሰው አጠገብ ይኑር፣ ስልኩም ይኑረው። ልጆች ግን ከግቢው ይውጡ። አባታቸው የሚሠራውን ለማየት መጓጓታቸው ያለ ነው፤ ጎማ ሲፈታ ያግዟችሁ፣ መጭመቂያው ሲወጣ ቤት ይግቡ። መብራትም አስቡበት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ማታ በስልክ መብራት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ስትራቱን እንዴት ነው ከመኪናው የማወጣው?

ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹን በብረት ብሩሽ ጥረጉና ደብሊው ዲ 40 ንፉባቸው። ከሌለ ናፍጣና ዘይት ቀላቅላችሁ ቀቡ። ማታ ተቀብቶ ያደረ ብሎን ጠዋት ሌላ ብሎን ነው።

ጎማው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የፍሬኑን ቱቦ ከስትራቱ ላይ ከያዘው ማሰሪያ አስለቅቁት። ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የያዘው ክፍል) መፈታት ካለበት በሽቦ አካሉ ላይ እሰሩት። በቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት። ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ የተቀደደ የፍሬን ቱቦ ማለት ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን ማጣት ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለውን፣ መኪናችሁ ኮሮላ ከሆነ፣ የትኛው ኮሮላ እንደሆነ ይወስነዋል። በኋላ ጎማ የሚሄዱት የቀድሞዎቹ ላይ ስትራቱና የጎማው እምብርት አንድ አካል ናቸው። ከታች ሁለት ብሎን ተፈትቶ ዲስኩን ይዞ ይወጣል፣ ይከብዳልም፤ ሁለተኛ ሰው ይያዝላችሁ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት፣ በፊት ጎማ የሚሄዱት ሴዳኖች ላይ ደግሞ ስትራቱ ከታች በሁለት ትላልቅ ብሎኖች ነው የተያዘው። እነዚህን ከመፍታታችሁ በፊት ብሎኑና ላሜራው የተገናኙበትን ቦታ በጥፍር ቀለም አስምሩ። የጎማው ዘንበል ማለት የሚወሰነው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ስትመልሱት መስመሩን ታገናኛላችሁ። ብሎኖቹ ሲወጡ የጎማው ተሸካሚ ወደ ውጭ ሊወድቅ ይሞክራል። በሽቦ ደግፉት፤ ከተዋችሁት ሴሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ስቦ ያላቅቀዋል።

መጨረሻ ላይ ኮፈኑ ሥር ያሉትን ሦስቱን ትንንሽ ዳዶዎች ፍቱ። የመጨረሻውን ስትፈቱ አንድ ሰው ከታች ስትራቱን ይያዝ። ወጣ። ሞላው አሁንም እንደታሰረ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።

መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶስ?

አትንኩት። መኪናው ላይ ሳለም፣ መሬት ላይ ወጥቶም፣ ሞላው በመጭመቂያ ተይዞ እስካልላላ ድረስ ያንን ዳዶ አትንኩት። ሞላውን የያዘው እሱ ነው። ያለ መጭመቂያ ከተፈታ የላይኛው ሳህንና ሞላው ተስፈንጥረው ወደ ፊታችሁ ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የሚረዳችሁ ሰውም ይህን ይወቅ። «ላላላው?» ብሎ በቅንነት መፍቻ የሚያስገባ ረዳት አለ።

መጭመቂያውን እንዴት ልጠቀም?

ለስትራት የሚሆነው የተለመደው ዓይነት ሁለት ረጅም ብሎን ያለው ነው፣ እያንዳንዱ ላይና ታች መንጠቆ አለው። ከመጀመራችሁ በፊት የብሎኑን ጥርስ ተመልከቱ። የተበላ፣ የታጠፈ፣ የተሰነጠቀ ካለ መልሱት። ጥርሱን ቅባት ቀቡ። ደረቅ ጥርስ ይነክሳል፣ ከዚያ ይበጠሳል።

ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጉ፣ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ትክክል ከማዶው። በተቻለ መጠን ብዙ ዙር ያካትቱ። መንጠቆው እንዳያመልጥ የሚይዝ ፒን ካለው ፒኑን አስገቡ። ሞላው ላይ ያለውን ዝገትና ጭቃም ጥረጉ፣ መንጠቆ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል።

አሁን በእጅ መፍቻ፣ በተራ። ከዚህ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ሁለት ዙር። አንዱን ብቻ ስባችሁ ከሄዳችሁ ሞላው እንደ ቀስት ይታጠፍና መንጠቆው ወደ ጎን መሸሽ ይጀምራል። የአየር ሽጉጥ አትጠቀሙ። በፍጥነት ስትጨምቁ የመንጠቆውን መንሸራተት አታዩም፣ ጥርሱም ይግላል። ፊታችሁና ደረታችሁ ከስትራቱ ሁለት ጫፎች ትይዩ አይሁኑ። ጫፎቹ ወደ ግድግዳ ይዙሩ፣ እናንተ በጎን ሁኑ።

እስከ መቼ ትጨምቃላችሁ? ሞላው መቀመጫው ላይ በእጅ መዞር እስኪችል። ያኔ በቃ። ዙሮቹ እስኪነካኩ መጨመቅ መጭመቂያውን መስበር ነው። አሁን መሃሉን ዳዶ መፍታት ይቻላል። የአሞርዛተሩን ዘንግ ጫፉ ላይ ባለው መያዣ ያዙ፤ የሚያብረቀርቀውን አካሉን በፒንሳ ከያዛችሁት ጎማ ማኅተሙን ይቆርጣል፣ በወሩ ዘይት ያፈሳል።

የተጨመቀ ሞላ ሳይፈታ አይደር። ቡና ተፈልቶ ተጠራችሁም ቢሆን፣ ወይ አላልታችሁ ሂዱ፣ ወይ ጨርሳችሁ።

ብየዳ ቤት በፌሮ መጭመቂያ ባሠራስ? በሽቦ ባስረውስ?

አይሆንም። ፌሮ ለኮንክሪት የተሠራ ብረት ነው። የተበየደ መንጠቆ የሚለቀው በብየዳው ጠርዝ ነው፣ ሳይታጠፍ በአንዴ። የጣራ ሥራ ረጅም ብሎንም ጥርሱ ለስላሳ ስለሆነ ይላጫል። የብየዳ ባለሙያዎቻችን እጃቸው ወርቅ ነው፣ ችግሩ ከእነሱ አይደለም፤ ብረቱ ነው የማይሆነው። ሽቦና ገመድም የባሰ ነው። ሰንሰለት እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ በዙሮቹ መካከል አሳልፎ መቆለፍ ጥሩ ነው፣ ሞላው ቢያመልጥ ሩቅ እንዳይሄድ። መጭመቂያውን ግን አይተካም።

ላዳ ነው ያለኝ። መርሴዲስም አለ።

እዚህ ላይ የስትራቱ ዘዴ አይሠራም፣ ምክንያቱም ሞላውን እንደታሰረ ማውጣት አይቻልም። የሚይዘው ብራቾው ራሱ ነው። ብራቾው የወረደ ቀን ሞላው ነፃ ነው።

ላዳ ላይ አሞርዛተሩ በሞላው መሃል ያልፋል። እሱ ከወጣ በኋላ በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ባለ አንድ ዘንግ መጭመቂያ ነው የሚፈለገው። ሞላው ሲጨመቅ፣ የታችኛው ቴስቲና (ብራቾውን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ተፈትቶ ብራቾው ይወርዳል። መርሴዲስ 123 ላይም ከውስጥ በሳህን የሚይዝ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚነክሰው ባለ መንጠቆ ቦታው አይፈቅድለትም።

ብራቾውን በክሪክ ደግፈው ቴስቲናውን አላልተው ቀስ እያሉ የሚያወርዱ መካኒኮች አሉ። በልምድ ይሠሩታል። እኔ ግን ለግቢ አልመክርም። ሞላው ሲገፋ መኪናውን ከካቫሌቶው ያነሣዋል፣ ክሪኩም በጎማው እየተንከባለለ ከብራቾው ሥር ይሸሻል። ላዳና መርሴዲስ ላላችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ ይህን ሥራ መሣሪያው ላለው ጋራዥ ስጡ።

ሃይሉክስና ዶልፊን ላይስ?

የሚጠመዘዘው ዘንግም የታመቀ ጉልበት አለው። ከኋላ ጫፉ ላይ ማስተካከያ ብሎን አለ። ከመንካታችሁ በፊት ከዳዶው በላይ የወጣውን የጥርስ ርዝመት ለኩና ጻፉ። የዘንጉን ሁለቱን ጫፎች ከገቡበት ጋር በቀለም አስምሩ። መኪናውን አንሥታችሁ ጎማው ሲንጠለጠል ብሎኑን ቀስ በቀስ እስከ መጨረሻው አላሉ። ግራውና ቀኙ ዘንግ አይለዋወጡም፤ ምልክት አላቸው፣ ፈልጉት።

ሞላውን ማስበየድ፣ መቁረጥ፣ የጎማ ቁራጭ መክተት እንዴት ነው?

የተሰበረ ሞላ አይበየድም። የሞላ ብረት ጉልበቱን ያገኘው በእሳት ተግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ተሙቆ ነው። ብየዳው ያንን ሁሉ በአንድ ቦታ ያጠፋዋል። ከብየዳው ጎን ያለው ብረት እንደ ብርጭቆ ይሆንና ጠጠር መንገድ ላይ ይለቃል። በእሳት አሙቆ ማርዘምም እንዲሁ ነው፤ ለሳምንታት ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይተኛል። መቁረጥ ደግሞ ሞላውን ያጠጥረዋል፣ ጫፉም ከመቀመጫው ጋር አይገጥምም፣ የመኪናው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

በዙሮቹ መሃል የጎማ ቁራጭ መክተት ብዙ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም የገጠር መንገድ ላይ ሁሉም መኪናው ከፍ እንዲልለት ይፈልጋል። ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያደርጋል። ግን ቁራጩ ያለባቸው ዙሮች ስለማይሠሩ መጨመቁ በሙሉ በቀሩት ላይ ይወድቃል። መሰበሩን ያቀርበዋል እንጂ አያድነውም። ገንዘቡ ለአዲስ ሞላ ይዋል።

አንዱ ብቻ ነው የተሰበረው። ሁለቱንም መቀየር አለብኝ?

አዎ። አዲስና የደከመ ሞላ አብረው አይሄዱም። መኪናው ያዘነብላል፣ ፍሬን ስትይዙም ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጥንዱ ከአንድ መኪና የወጣ ይሁን። ጎን ለጎን አቁማችሁ ቁመታቸውን አስተያዩ፣ የሽቦውን ውፍረት ለኩ፣ የታችኛውን ዙር ዝገት እዩ። የቀለም ምልክት ካላቸው የሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን።

ስትራቱ ከተፈታ አይቀር ከላይ ያለውን የጎማ መቀመጫና ኩሽኔታ፣ አሞርዛተሩንም ፈትሹ። ደግሞ ለመፍታት ያንኑ አደጋ መድገም ስለሚሆን እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ።

መጭመቂያው ግማሽ ላይ ሳለ ሞላው ተንጋደደብኝ። ምን ላድርግ?

እጃችሁን አንሡ። በመዶሻ አትምቱት፣ በእጅ አታቃኑት፣ በእግር አትግፉት። በጎን በኩል ሆናችሁ የጠበቀውን ወገን በረጅም መፍቻ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ከሌላው ጋር እኩል አድርጉት፣ ከዚያ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አላሉና እንደ አዲስ ጀምሩ። መንጠቆው በጠርዝ ብቻ ከያዘ ወይም ብሎኑ ነክሶ አልዞር ካለ ግን አትንኩት። ሰው ሁሉ ይራቅ፣ ከፊቱ ወፍራም ጣውላ አቁሙና ባለሙያ እሱ ወዳለበት ይምጣ። ባጃጅ ላይ የሚጫነው በራሱ ዳዶ የታሰረ ሞላ ነው፣ እንዲህ የሆነ አይደለም።

ገጠምኩት። አሁን አዲስ አበባ መሄድ እችላለሁ?

ገና ነው። መጀመሪያ መገጣጠሙን እንይ። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ሳህን ላይ ካለው ደረጃ ጋር ተገጣጥሞ ይቀመጥ። የመሃሉ ዳዶ አዲስ ይሁን፣ የማይላላ ዓይነት ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ አይታመንም። መጭመቂያውንም ስታላሉ እንደ መጀመሪያው በተራ በተራ ነው። ጎሚኒ (የጎማ ማቀፊያ) ያላቸውን የብራቾ ብሎኖች መኪናው በእግሩ ከቆመ በኋላ አጥብቁ። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል።

የኮሮላ የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) ከሌላችሁ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ ጫፍ ላይ 40 ኪሎ ያህል ብትጫኑ እዚያው አካባቢ ትደርሳላችሁ። በእግር ቆሞ መዝለል ዳዶ ማበላሸት ነው።

ከዚያ ከተማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ፍሬን ያዙ፣ መሪ እስከ ጥግ ጠምዝዙ፣ ድምፅ ስሙ። የፍሬኑ ቱቦ ጎማውን ወይም ሞላውን አለመንካቱን መሪው በሁለቱም ጥግ ሆኖ እዩ። አላይመንት አስለኩ። ከ50 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ የጎማ ዳዶዎቹንና የስትራቱን ብሎኖች መልሳችሁ ፈትሹ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ሞላዎች ይጫናል። ስለዚህ ፍተሻው ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ይለቅ።